ችግኙን በበጋ ማን ያጠጣል?
(የማኅበሩ ጸሐፊ ለነዋሪዎች ካሰሙት ንግግር)



ዛሬ የማነሣው በክረምቱ በየግቢያችንና በመንገዱ ዳር የተከልነውን የአቮካዶ ችግኝ ጉዳይ ነው። ለመትከሉስ ሁላችንም ወጥተናል። ከመስቀል ወዲያ ዝናቡ ሲቆም ግን ችግኙን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ችግኝ የሚሞተው ደግሞ ያኔ ነው። ሥሩ ገና ከላስቲኩ አፈር ብዙ አልራቀም፤ ራቅ ብሎ እርጥበት ሊፈልግ አይችልም።

አንዳንዶቻችን በየቀኑ አንድ ጆግ ረጨት አድርገን እንሄዳለን። ይኼ አይጠቅምም። ላዩን ብቻ ያርስና ፀሐይ ትወስደዋለች። ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ግማሽ ግማሽ ጄሪካን ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ውኃው እንዳይፈስ ዙሪያውን በአፈር ክበቡት፤ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙበት፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ፣ ያበሰብሰዋል።

ማብዛትም ይገድላል። አቮካዶ ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይስማማውም፤ ሥሩ ይበሰብስና ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ጠማው ብሎ ይጨምርለታል፣ ጭራሹን ይሞታል! ስለዚህ መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ጥቁር አፈር ውኃ ይይዛል፤ እዚያ የተከላችሁ ቀኑን አራርቁ።

«ውኃ በፈረቃ እየመጣ ለሰው ያልበቃው ለዛፍ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ቀርቧል። እውነት ነው። ግን ለአንድ ችግኝ ሒሳቡ በሳምንት አንድ ጄሪካን ነው። የጎመንና የድንች እጣቢም ይሆናል። ኦሞ፣ በረኪና ወይም ቅባት ያለበትን ግን አትድፉበት።

ሁለት በጋ እንዲህ ከያዝነው ይጠናል፤ ከዚያ በኋላም በደረቁ ወራት አልፎ አልፎ ማጠጣት ነው። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ፍሬ ይሰጣል፤ ከፍሬው የበቀለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ይዘገያል።

የግቢው ባለቤት አለው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የመንገዱ ነው። የጋራ ሲባል የማንም አይደለም ማለት እየመሰለን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በበሩ ፊት ያለውን ይያዝ። ጄሪካን ማንሳት ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የጎረቤት ወጣቶች ያድርሱላቸው። የምትይዙትን ችግኝ ከቤት ቁጥራችሁ ጋር እስከ ቅዳሜ አስመዝግቡኝ፤ ሰው ያልያዘውን በተራ እንደለድላለን።