የእጅ አንጓን ስለ ማላላት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የንግግራችን አርእስት ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። የተነሣነው ስለ ሀገር ዕድገት ወይም ስለ ዕውቀት ጥቅም ለመናገር ሳይሆን፥ የገናን ዱላ ስለሚይዘው እጅ፥ ይልቁንም ስለ እጅ አንጓ ለመናገር ነው። ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ግን በመጨረሻ ትፈርዱልናላችሁ ብለን እናምናለን።

ሁላችሁም እንደምታውቁት፥ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ታኅሣሥ ሲደርስ ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ይደርቃል። ለልደት በዓልም ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ወጣቱም ሽማግሌውም በሁለት ወገን ተሰልፎ ገና ይጫወታል። ጫፉ በቆለመመ ዱላ፥ ከእንጨት የተጠረበውን ወይም ከጠፍር የተጎነጎነውን ሩር እየመታ ወደ ተቃራኒው ወገን ይነዳል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢያሸንፍ ጌታው አይቆጣም የሚባለው የቆየ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።

ባለፈው ዓመት ግን የተቆጣነው እኛው ነበርን። ጉልበት አለን ብለን ከገበሬዎቹ ወገን ፊት ቆምን። ዱላችንን በሁለት እጃችን አንቀን፥ ጥርሳችንን ነክሰን፥ ከራሳችን በላይ እያነሣን መታን። ሩሩ ግን ወይ ከእግራችን ሥር ይንከባለላል፥ ወይም ወዳላሰብነው ይሄዳል። ከወዲያኛው ወገን ክንዳቸው የሰለለ፥ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ አንድ አባት ነበሩ። እሳቸው ሳይጮኹና ሳይጣደፉ ሲመቱት ሩሩ ከሁላችንም ራስ በላይ አልፎ ይሄድ ነበር። በተሸነፍን መጠን ንዴታችን ጨመረ፤ ከመካከላችን አንዱ በንዴት ያወረደው ዱላ ሩሩን ስቶ የራሳችንን ጓደኛ ቅልጥም መታ። ጓደኛችን አንድ ወር ያህል ከትምህርት ገበታው ተለየ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ከትምህርት ቤታችን በዓል ይቅር የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እኛም አንፈርድባቸውም።

በማግሥቱ ወደ እኒያ አባት ሄደን፥ «አባባ፥ ያን ሁሉ ኀይል ከየት አመጡት?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው፥ «ልጆቼ፥ እኔ ምን ኀይል አለኝ? እናንተ ግን ዱላውን አነቃችሁት። የታነቀ ነገር ምን ይሠራል? አንጓችሁን ፍቱት» አሉን።

ይህን ቃል በትምህርታችን ብንመረምረው እውነት ሆኖ አገኘነው። አንጓን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አብዛኞቹ ያሉት በክንድ ላይ ሲሆን፥ ጅማቶቻቸው አንጓውን ተሻግረው ወደ እጅ ይደርሳሉ። አጥብቀን ስንጨብጥ የሚያጥፈውም የሚዘረጋውም ጡንቻ ባንድ ጊዜ ይወጠራል። አንዱ ሌላውን ስለሚይዘው አንጓው ይደርቃል፤ ክንድና ዱላም አንድ ግትር እንጨት ይሆናሉ። አንጓው የላላ እንደ ሆነ ግን ክንድ ቀድሞ ይሄዳል፥ ዱላው ይከተላል፥ ሩሩ ዘንድ ሲደርስ ጫፉ ከእጅ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያልፋል።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎረቤታችን የደብረ ታቦር ከተማ ስም በሚጠራበት በዓል፥ በነሐሴ 13 ቀን፥ በቡሄ ጅራፍ ያላጮኸ ማን አለ? እጅ የሚንቀሳቀሰው በመጠኑ ነው፤ የጅራፉ ጫፍ ግን ከድምፅ ፍጥነት፥ ይኸውም በሴኮንድ ከ340 ሜትር ያህል በላይ ስለሚሄድ ይጮኻል። አንጓውን አድርቆ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ አላየንም። ሩዝ በማጭድ የሚያጭድ ሰውም እንዲሁ ነው፤ በትከሻው የሚያጭድ ከቀትር በፊት ይደክማል፥ በአንጓው የሚያጭድ ግን እስከ ማታ ይዘልቃል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርነውም ብዕሩን አንቀን ስንይዝ ጽሕፈታችን እንዴት ይጣመም እንደ ነበር አንረሳውም።

በውጭ አገር የጎልፍ ተጫዋቾችም ይህንኑ ይማራሉ። የጎልፍ ኳስ ክብደቱ ከ46 ግራም አይበልጥም፤ የታወቁት ተጫዋቾች ረጅሙን ዱላ ሲወነጭፉ ግን የዱላው ራስ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። በታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች 82 ጊዜ ያሸነፈው ሳም ስኒድ፥ ዱላው እንደ ወፍ ጫጩት መያዝ አለበት ብሎ ያስተምር እንደ ነበር ይነገርለታል፤ ይኸውም እንዳያመልጥም እንዳይጨፈለቅም ነው።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ይህን እንድትይዙልን እንለምናችኋለን።

አንደኛ፥ ማላላት ማለት መልቀቅ ማለት አይደለም። ዱላውን በጣቶቻችሁ ያዙት እንጂ በመዳፋችሁ አትጨፍልቁት፤ ከእጃችሁ የሚያመልጥ ዱላ ከታነቀው ይልቅ አደገኛ ነውና።

ሁለተኛ፥ ከመምታታችሁ በፊት ትንፋሻችሁን አውጡ፥ ትከሻችሁንም አውርዱ። ዱላውን ከወገባችሁ በላይ አታንሡ፤ አንጓው ከሠራ ከራስ በላይ ማንሣት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፥ ሩር ሳይኖር፥ ሰው በሌለበት ዱላውን ወንጭፉና ድምፁን አድምጡ። «ሽው» የሚለው ሩሩ በሚቀመጥበት ስፍራ ላይ መሆን አለበት። ቀድሞ ከተሰማ አንጓችሁ ያለ ጊዜው ተፈቷል፤ ከነጭራሹ ካልተሰማ ደግሞ አልተፈታም።

አራተኛ፥ ከተቆጣችሁ ዱላውን አስቀምጡና ከሜዳው ውጡ። ቁጣ መጀመሪያ የሚገባው በእጅ ነው፤ የተቆጣ ሰው እጁን እንዲያላላ ቢመክሩት አይሰማም። አባቶቻችን በገና ቀን መቆጣትን ነውር ያደረጉበትን ምክንያት የተረዳነው የጓደኛችንን እግር ካየን በኋላ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ! ጨዋታው እንዳይከለከል እንለምናችኋለን። እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ተሰናባቾች ነን፤ እስክንሰናበት ድረስ ግን በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ታናናሾቻችንን ለማስተማር ቃል እንገባለን። ያ ዱላ ያረፈበት ጓደኛችን ዛሬ ከመካከላችን ቆሟል፤ የመጀመሪያውም አስተማሪ እሱ ይሆናል። ዱላውን የያዘው ልጅም አብሮት ያስተምራል።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።