ፊልሙ ነው ወይስ ቀኑ?

(በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ ለፊልም ክበብ አባሎችና ለእንግዶች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር ክበባችን አንድ ፊልም አሳይቶ ነበር። የአዳራሹ ሩብ እንኳ እንዳልሞላ የመጣችሁት አይታችኋል፤ ያልመጣችሁትም ሰምታችኋል። የፊልሙ ኪራይ ሒሳብ እስካሁን አልተከፈለም። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ስብሰባ ከኮሚቴው አባሎች አንዳንዶቹ፣ «እንዲህ ያለውን ቁም ነገር የበዛበት ፊልም ተማሪው አይወደውም፤ ከእንግዲህ ተኩስና ድብድብ ያለበትን ብቻ እናምጣ» የሚል ኀሳብ አቅርበው፣ ኀሳቡ ሊጸድቅ ጥቂት ነው የቀረው። እኛ ግን ፊልሙ የታየበትን ቀን አስታወስን። ማክሰኞ ማታ ነበር። በማግሥቱ ጧት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ የሒሳብ ፈተና ነበረባቸው። ስለዚህ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ፊልም የሚታይበት ቀን ለገበያው ምን ያህል እንደሚጠቅመው ወይም እንደሚጎዳው፣ ይህ ሥራ እጅግ ከሰፋበት ከአሜሪካን አገር ምሳሌ እየጠቀስን ጥቂት ልንናገር ተነሥተናል። ዘመኑንና ወሩን ሁሉ የምንጠራው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

የአሜሪካን ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱባቸውን ፊልሞች በተለይ የሚያወጡት እኛ ክረምት በምንለው፣ ለእነርሱ ግን በጋ በሆነው ጊዜ ነው። ተማሪ ቤት ይዘጋል፤ ወጣቱ ሥራ ይፈታል፤ ሲኒማውም ይሞላል። ይህ ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሕግ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በጋ ለሲኒማ ቤት ባለቤት ክፉ ጊዜ ነበር። መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ተጨናንቆ መቀመጥን ማን ይወዳል? በ1925 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ሪቮሊ የሚባለው ሲኒማ ቤት ዊሊስ ካሪየር የፈለሰፈውን አየር ማቀዝቀዣ አስገባ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም እየተከተሉ ሲያስገቡ፣ ሕዝቡ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ቅዝቃዜውንም ለመሸመት ይገባ ጀመር። ጥሩ ወቅት የሚባለውን ነገር አንድ መሣሪያ ሊፈጥረው እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። «ጆውስ» የሚባለውን የስቲቨን ስፒልበርግን የሻርክ ፊልም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ፊልሙ ታስቦ የነበረው ለ1974 የገና በዓል ነው። ዳሩ ግን ቀረጻው በእውነተኛ ባሕር ላይ በመሆኑና ሰው ሠራሹ ሻርክ የጨው ውሃውን አልችል ብሎ በየጊዜው በመበላሸቱ፣ 55 ቀን ይፈጃል የተባለው ሥራ 159 ቀን ፈጀ። ገና አለፈ። ፊልሙም ለሕዝብ የቀረበው ጁን 20 ቀን 1975፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ባሕር ዳርቻ በሚጎርፍበት ሰሞን ሆነ። ቀን ሲዋኝ የዋለ ሰው ማታ ዋናተኛ ሲበላ ለማየት ይሰለፍ ነበር ማለት ነው። ቀድሞ ትልቅ ፊልም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ከተሞች ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ሌላው አገር ይዘልቅ ነበር፤ «ጆውስ» ግን በቴሌቪዥን በሰፊው ከተለፈፈለት በኋላ ባንድ ቀን ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ። በ1977 ሜይ 25 ቀን ደግሞ «ስታር ዎርስ» ወጣ። ከእነዚህ ከሁለቱ ወዲህ በጋ የትልልቅ ፊልም ወራት ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የበጋ ፊልሞች አባት የሚባለው የዘገየ የገና ፊልም ነው።

ይህን ያየ ሰው ቀኑ ሁሉን ያደርጋል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። አላን ላድ ልጅየው የሚባለው የፊልም ሹም ያመነው እንዲያውም ከዚህ አልፎ ነበር። እርሱ ሹም በነበረበት ኩባንያ «ስታር ዎርስ» ሜይ 25 ቀን 1977፣ «ኤሊየን» ደግሞ ሜይ 25 ቀን 1979 ወጥተው ሁለቱም ስለ ቀናቸው፣ 25 ቁጥርን የዕድሉ ቁጥር አደረጋት። በኋላም የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ ሲሠራ፣ «ብሌድ ራነር» የሚባለውን ፊልም በ1982 ጁን 25 ቀን አወጣው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጁን 11 ቀን፣ የስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ተከፍቶ ነበር፤ ስለ አንድ የዋህና ተወዳጅ የሌላ ዓለም ፍጡር የሚናገር ፊልም ነው። አሜሪካ በሙሉ ለዚያ ፍጡር ሲያለቅስ፣ «ብሌድ ራነር» ዝናብና ጨለማ ይዞ ደረሰ። በዚያው በጁን 25 ቀን «ዘ ቲንግ» የሚባለው የጆን ካርፔንተር ፊልም ወጣ፤ የእርሱ የሌላ ዓለም ፍጡር ደግሞ ሰው የሚበላ ነበር። «ኢ.ቲ.» በሰሜን አሜሪካ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ 15 ሚሊዮን የወጣበት «ዘ ቲንግ» 20 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ከትኬቱ ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቱ ስለሚያስቀረው ይህ ኪሳራ ነው። «ብሌድ ራነር»ም ወጪውን በአዳራሽ አላስመለሰም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ያን ጊዜ የተሰጠው ፍርድ፣ ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ጨለማ ፊልም አይወድም የሚል ነበር፤ የእኛ ኮሚቴ እንዳለው ማለት ነው። ዳሩ ግን «ብሌድ ራነር» በ1993 በአሜሪካ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲኖሩ ከሚመረጡት ፊልሞች መዝገብ ገባ፤ «ዘ ቲንግ»ም ዛሬ በፊልም አዋቂዎች ዘንድ ከፍ ያለ ስም አለው። ፊልሞቹ አልተለወጡም። («ብሌድ ራነር» በኋላ መጠነኛ እርማት ተደርጎለታል፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ የክበባችን ጸሐፊ አይምረንም።) የተለወጠው የታዩበት ጊዜ ነው።

ነገሩን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳናጋድለው ደግሞ «ታይታኒክ»ን እንጥራ። ለ1997 ጁላይ ተቀጥሮ ሳይደርስ ቀርቶ ወደ ዲሴምበር 19 ሲተላለፍ፣ ጋዜጦች መርከቡ ሳይነሣ ሰመጠ ብለው ሊቀብሩት ተዘጋጁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ያስገባው 28 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ እንዲያ ብዙ ወጪ ለወጣበት ፊልም የሚያስደነግጥ ገቢ ነው። ነገር ግን አልወረደም። 15 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በሰሜን አሜሪካም 600 ሚሊዮን አስገባ። ይህን ያደረገው ቀኑ ነው እንዳንል መክፈቻው ደካማ ነበር። ፊልሙ ብቻ ነው እንዳንል ደግሞ ጃኑዋሪና ፌብሩዋሪ ኩባንያዎቹ ብርቱ ፊልም የማያወጡባቸው ወራት ስለ ነበሩ ሜዳው ባዶ ሆኖ ጠብቆታል፤ ከሁሉ የበለጠ የገባበትም አንድ ቀን የፍቅረኞች ቀን ነበር።

የኢኮኖሚ ትምህርት ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ትክክል ነው። የቅዳሜ ገበያ የሚደምቀው ገዢው ቅዳሜ ስለሚበዛ ነው ወይስ ነጋዴው መልካም መልካሙን ዕቃ ለቅዳሜ ስለሚያስቀምጥ? ሊራን ኢናቭ የሚባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ሊቅ በ2007 ባወጡት ጥናት ይህንኑ በአሜሪካን ሲኒማ ላይ መርምረው፣ የተመልካቹ ፍላጎት ከወቅት ወደ ወቅት የሚለዋወጠው ከገቢው መለዋወጥ ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይተዋል። የቀረውን ልዩነት የሚያመጡት ራሳቸው ኩባንያዎቹ ናቸው፤ ብርቱውን ፊልም በጋና ገና ላይ ያከማቹታል፣ ደካማውን በሌላው ወር ይጥሉታል፣ ከዚያም ያ ወር ሙት ነው ይላሉ። በ2018 ፌብሩዋሪ 16 ቀን «ብላክ ፓንተር» በዚያ ሙት በሚሉት ወር ወጥቶ በሦስት ቀን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በጠቅላላውም በሰሜን አሜሪካ 700 ሚሊዮን አስገባ። ሰዉ ሞቶ አልነበረም፤ የሚጠራው አጥቶ ኖሯል።

ባንድ ቀን መጋጨትም ሁልጊዜ አያጠፋም። ጁላይ 21 ቀን 2023 ስለ አሻንጉሊት የሚናገረው «ባርቢ» እና የአቶሚክ ቦምብ ሠሪውን ታሪክ የሚናገረው «ኦፐንሃይመር» አብረው ወጥተው፣ አንዱ ሌላውን እንዲያውም አስተዋወቀው። በዓልን ስለ መጠበቅማ አሜሪካኖች ብቻ አይደሉም፤ ሕንዶች ለዲዋሊና ለኢድ ያደርሳሉ፣ ቻይኖችም «ኔ ጃ 2»ን በ2025 በአዲስ ዓመታቸው ቀን ከፍተው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብተውበታል።

አሁን ወደ አዳራሻችን እንመለስ። የእኛ የቀን መቁጠሪያ የታወቀ ነው፤ ፈተና አለ፣ ጾም አለ፣ ከቤት የተላከው ገንዘብ የሚያልቅበት የወር መጨረሻ አለ። ከዚህ ሁሉ መካከል ለዚያ ፊልም የመረጥንለት ቀን የሒሳብ ፈተና ዋዜማ ሆነ። ቀኑን የፈቀደው ኮሚቴው ነው፤ ከዚህ ፊት የቆምነውም በኮሚቴው ውስጥ ስላለን ጥፋቱ የእኛም ነው። በዚያ ማታ ተማሪው የመረጠው ሒሳቡን እንጂ ፊልሙን ንቆ አይደለም። ባይመርጥ ኖሮ መምህራኖቻችን ምን ይሉን ነበር?

ስለዚህ የምናቀርበው ኀሳብ ይህ ነው። ያው ፊልም፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው የመግቢያ ዋጋ፣ ከፈተናው ሳምንት በኋላ ባለው ዓርብ ማታ እንደገና ይታይ። ከቀኑ በቀር ምንም አይለወጥ፤ ማስታወቂያውም እንደ በፊቱ አራት ቦታ ብቻ ይለጠፍ። ስለ ፊልሙ ብዙ ስለ ተወራ ሁለተኛው ማታ ከመጀመሪያው ጋር እኩል አይመዘንም የሚል መምህር ቢኖር እውነታቸውን ነው፤ ይህን የምናስቀርበት ዘዴ አላገኘንም። ቢሆንም ከምንም ይሻላል። አዳራሹ ያን ማታም ባዶ ከሆነ የተኩሱ ፊልም ይምጣ፤ ወንበሩን የምንደረድረውም እኛው እንሆናለን።

ኮሚቴው ድምፅ የሚሰጠው በመጪው ሐሙስ በ11 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ስማችሁን ለመፈረም የምትፈልጉ፣ ወረቀቱ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ እርሳስም ታስሮበታል።