ከመርፌው በኋላ

ዛሬ የማወጋችሁ እምብዛም ስለማያጋጥም አንድ በሽታ ነው። ሐኪሞች ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ ይሉታል፤ ባጭሩ ኤስ ኤም ኤ። ከ10,000 ሕፃናት አንዱን ገደማ ይይዛል። በዓለም ላይ ብዙ የተባለለት የመድኃኒቱ ነገር ነው፤ እኔ ግን ጥናቶቹን ሳገላብጥ ልቤ የቀረው ከመርፌው በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከበድ ያለው ዓይነት ስድስት ወር ሳይሞላ ይጀምራል። ልጁ ሲወለድ ደህና ነው፤ ይጠባል፣ ያለቅሳል። ውሎ አድሮ ግን እናቱ ገላውን ስታጥበው እግሮቹ መፈራገጣቸውን ይተዋሉ። በብብቱ ይዛ ስታነሳው ሾልኮ ሊያመልጣት ይደርሳል። አንገቱ የሚጸናበት ወር አልፎም ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወድቃል። በጀርባው ሲተኛ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ወደ ውጭ ተከፍተው ይቀራሉ። ሲተነፍስ ደረቱ ይሰረጉድና ሆዱ ይነሳል። ዓይኑ ግን ንቁ ነው፤ ሰው ሲገባ ይከተላል፣ ሲያጫውቱት ይስቃል። አእምሮው አልተነካም። የታመሙት ከአከርካሪ ውስጥ ተነስተው ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ናቸው። መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ያርፉ ነበር፤ ወይም ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መኖር አይችሉም ነበር።

በ1995 ፓሪስ ላይ በጁዲት መልኪ የተመራ ቡድን መንስኤውን አገኘ። ኤስ ኤም ኤን አንድ የሚባለው ዘረመል ጎድሏል። ነርቮቹ ያለ እሱ ፕሮቲን አይኖሩም። ኤስ ኤም ኤን ሁለት የሚባል ተመሳሳይ ዘረመል ሁላችንም ዘንድ አለ ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ከእሱ የሚወጣው ፕሮቲን አብዛኛው ጎደሎና ቶሎ የሚፈርስ መሆኑ ነው። አድሪያን ክራይነር የተባለው ኡራጓይ የተወለደ ሳይንቲስት በአሜሪካ ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ቤተ ሙከራ ሆኖ፣ ይህን ሁለተኛውን ዘረመል ሙሉ ፕሮቲን እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል ብሎ ለዓመታት ደከመ። ከአዮኒስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖም ኑሲነርሰን የተባለው መድኃኒት ተገኘ። በወገብ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ የሚገባ መርፌ ነው።

በዋናው ጥናት 121 ሕፃናት ተሳተፉ። 80ዎቹ መድኃኒቱን ወሰዱ። የ41ዱ ወገብ ግን በትንሽ መርፌ ጠቅ ተደርጎ በፕላስተር ተሸፈነ፤ ወላጆቻቸው የቱ እንደደረሳቸው እንዳያውቁ ነው። ስለ እነዚያ 41 ቤተሰቦች ሳስብ ምስጋናዬ ይበዛል። ዛሬ መድኃኒቱ የሚደርሰው ልጅ ሁሉ የእነሱ ባለዕዳ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ መሥራቱ በምን ታወቀ? በደም ምርመራ አይደለም። ከተሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱን ያዘጋጁት በፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና ሐኪሞች ናቸው። እስቲ አብረን እንየው። ሕፃኑ ጠጠር ያለ ምንጣፍ ላይ ልብሱ ወልቆ ይተኛል። እንቅልፍ ያልመጣበት፣ ያላኮረፈ መሆን አለበት። ባለሙያዋ አጠገቡ ተንበርክካ መጀመሪያ ዝም ብላ ታያለች፤ እጁን በራሱ ያነሳል? ክርኑን ከምንጣፉ ያላቅቃል ወይስ ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል? ቀጥላ መጫወቻ ታሳየዋለች፤ አንገቱን ወደ መሐል መልሶ ስንት ሰከንድ ይይዘዋል? ከዚያ እጆቹን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ አንገቱ ይከተላል ወይስ ይቀራል? በመጨረሻም ሆዱን በመዳፏ ደግፋ አየር ላይ ትይዘዋለች፤ ቀና ይላል? 16 እንዲህ ያሉ ነጥቦች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ ድምሩ 64 ነው።

በዚህ መመዘኛ መድኃኒቱን ከወሰዱት ሕፃናት 71 በመቶው ቢያንስ 4 ነጥብ ሲያሻሽሉ፣ ካልወሰዱት ያሻሻሉት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ቀኑ ሳይደርስ ተቋረጠና መድኃኒቱ ለሁሉም ተፈቀደ። በታኅሣሥ 2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ሰጠው። የዚያ ማስረጃ አንዱ ተሸካሚ ምንጣፍ ላይ የተንበረከከ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዓይን መሆኑ በዜናው ላይ ብዙም አልተነገረም፤ መነገር ነበረበት እላለሁ።

ከዚያው ጥናት ሌላም ቁጥር አለ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ሳይደገፉ መቀመጥ የቻሉት 8 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። የሞተ ነርቭ አይመለስምና። ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው በዘረመል ምርመራ የታወቀባቸውን፣ ምልክት ግን ገና ያልጀመራቸውን 25 ሕፃናት ስድስት ሳምንት ሳያልፋቸው ማከም ጀመረ። በ2019 በወጣው ሪፖርት ሁሉም በሕይወት ነበሩ፤ ሁሉም ተቀምጠዋል፤ 22ቱ ያለ ድጋፍ ተራምደዋል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጊዜው ነው። በዚያው ዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ የዘረመል ሕክምና ተፈቀደ፤ ዋጋው ያኔ በአሜሪካ 2.125 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2020 ደግሞ በአፍ የሚወሰድ መጣ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልመለስ። ዘግይተው ታክመው የተረፉት ልጆች ጀርባቸው ደካማ ነው። መቀመጥ ሲጀምሩ አከርካሪያቸው ይጎብጣል፣ ዳሌያቸው ይወልቃል፣ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ይጨማደዳል። ስለዚህ በ2018 የታደሰው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ለመልሶ ማቋቋም ሰፊ ቦታ ሰጠ። መገጣጠሚያን አዘውትሮ ማፍታታት፣ ልጁን በመቆሚያ ደግፎ ማቆም፣ ለቁመናው የተስተካከለ ወንበር፣ ሳል የሚያግዝ መሣሪያ። ደስ ያለችኝ አንዲት ዝርዝር አለች፤ ጀርባን የሚደግፈው ጠንካራ ቀበቶ ሆዱ ላይ ክፍት ይሁን ይላል መመሪያው። ልጁ የሚተነፍሰው በሆዱ ነዋ! ይህን የጻፈ ሰው ልጁን ቀርቦ አይቶታል።

ቀድሞ አንድ ፍርሃትም ነበር፤ የደከመ ጡንቻ ከሠራ ይብሱን ይጎዳል የሚል። በ2015 ሁለት ትንንሽ ጥናቶች ይህን ፈተሹ። አንዱ 9 ልጆችን ቤታቸው ውስጥ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት ቀላል ክብደት አሠራ፤ ጉዳት አላገኘም። ሌላው መራመድ በሚችሉ 14 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፤ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ጨመረ፤ በስድስት ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት ግን አልጨመረም። ተአምር አይደለም። ቢሆንም ልጁን ከመንቀሳቀስ የሚከለክለውን ፍርሃት ለማራቅ ይረዳል።

ከሁሉ በላይ ያጽናናኝ በ2007 የወጣ ጥናት ነው። መድኃኒቱ ገና አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ከባዱ ዓይነት ያለባቸውን 143 ልጆች መዝገብ አዩ፤ ከ1980 እስከ 1994 የተወለዱትን ከ1995 እስከ 2006 ከተወለዱት ጋር አነጻጸሩ። የኋለኞቹ የመሞት ዕድል በ70 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ለውጡን ያመጡት የመተንፈሻ ድጋፍ፣ ሳል የሚያግዝ መሣሪያና በሆድ በኩል በቱቦ መመገብ ነበሩ። እንክብካቤ ብቻውን ይህን ያህል አደረገ።

ይህን የምለው ሚሊዮን ዶላር ለማይደርስበት ቤት ነው። በእኛ አገር ልጁ ሲላላ ጣት የሚቀሰረው እናቲቱ ላይ ነው፤ "ምን ረግጣ፣ ምን ነክቷት" ይባላል። አባትም እናትም ጤነኛ ሆነው እያንዳንዳቸው የጎደለውን ዘረመል ሊሸከሙ ይችላሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። ጥፋተኛ የለም። ጸበል የሚሄድ ቤተሰብ ይሂድ፤ ግን የልጁን ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተምሮ ቤቱ ውስጥ በየዕለቱ ያፍታታ፤ ልጁን ሲያስቀምጥ ጎንና ጎኑን ይደግፍ። ምርመራው እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተጨማደደ መገጣጠሚያ ኋላ ለማቃናት እጅግ ይከብዳል።

አሜሪካ ለምትኖሩ እናቶች አንድ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 2018 ይህ በሽታ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ እንዲመረመሩባቸው ከሚመከሩት በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ከተረከዙ በሚወሰደው ደም ማለት ነው። በእርግዝና ጊዜ ለእናንተ የሚደረገው የተሸካሚነት ምርመራ ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። በ2012 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በነጮች 95 በመቶ ያህሉን ተሸካሚ ሲለይ፣ በአፍሪካ አሜሪካውያን 71 በመቶውን ብቻ እንደሚለይ አሳይቷል፤ አንዳንዱ ሰው ሁለቱንም የኤስ ኤም ኤን አንድ ቅጂ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ስለሚይዝ የቅጂዎቹ ቆጠራ ደህና ይመስላል። ስለዚህ "ነጻ ነሽ" ብትባሉም የሕፃኑ የተረከዝ ደም መወሰዱን ጠይቁ። ውጤቱን አስመልክቶ ስልክ ከተደወለላችሁ ቀጠሮውን አታሳድሩት፤ የነርቭ ሐኪሙን ስታገኙም የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ በዚያው ቀን እንዲያዝላችሁ ጠይቁ።