ወላጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ



የዛሬው ንግግሬ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ከተማ መጥተው፥ ጥቂት ሰንብተው ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ ወላጆች ነው። እንግዳ ስለ መቀበል ብዙ ተብሏል፤ ወላጅን ስለ መሸኘት ግን እምብዛም አይነገርም።

በየመሥሪያ ቤቱ ትውልዳቸው ከአዊ፥ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የሆነ ባልደረቦች አሉን። የእነዚህ ሰዎች እናት ልጃቸውን ለማየት ሲነሡ ደብረ ማርቆስን አልፈው፥ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው፥ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ይገባሉ። ማሩንና ቅቤውን ይዘው እንጂ ባዶ እጃቸውን አይመጡም።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ልጅና ምራት ወደ ሥራ፥ ሕፃናቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፥ እኒያ እናት ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይውላሉ። ጎረቤቱ ደጁን ዘግቷል፤ ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራ የለም። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ከሆነ ደግሞ፥ የልጅ ልጃቸው ቋንቋውን ስለማያውቅ ጨዋታው በሰላምታ ያበቃል። ስለዚህም ወሩ ሳይሞላ፤ «ልጄ፥ እንግዲህ ሸኘኝ» ይላሉ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ቅር ይለናል። «እማዬ፥ ምን ጎደለብሽ? እዚህ ሐኪም አለ፤ እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» እንላለን። ንግግሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን እኛ የምንቆጥረው በዚያ የጎደለውን ሲሆን፥ እሳቸው የሚቆጥሩት በዚያ ያለውን ነው። በዚያ የሚኰተኰት ድንች፥ የሚታጨድ ገብስ፥ የሚደረስ ለቅሶ አለ። አባትም ቢሆኑ፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ከሆኑ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉ ሲከበር ከፈረሳቸው ላይ መታጣት አይወዱም። በከተማ «የእገሌ አባት» ተብለው የሚታወቁት ሰው፥ በመንደራቸው በስማቸው የሚከበሩ፥ ለሽምግልና የሚፈለጉ ናቸው። ሰው ደግሞ በዕድሜው ማምሻ ከምቾት ይልቅ መፈለጉን ይሻል።

እርግጥ፥ ሁሉም ይመለስ አይባልም። ሕመም የጸናበትና በቅርብ የሚያየው ዘመድ የሌለው ወላጅ ከልጁ ዘንድ ቢቆይ ይሻላል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት የመንገድ መቋረጥ ብዙ መንገደኛ አስቸግሯል፤ ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣሩ አረጋዊን ማስነሣት አይገባም።

መመለሳቸው ከተወሰነ ግን አሸኛኘታችን የታሰበበት ይሁን። አንደኛ፥ የጉዞውን ዕለት ከእነርሱ ጋር ተማክረን እንቁረጥ። ሁለተኛ፥ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቀን የሚበቃቸውን እናስይዝ። ሦስተኛ፥ ቢቻል ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው እስከ ደጃቸው ያድርሳቸው። አራተኛ፥ «በሰላም ገባሁ» ማለታቸውን ሰምተን ዝም አንበል። ከሕፃናት ጫጫታ ወጥቶ ቀዝቅዞ ወደ ሰነበተ ቤት መግባት፥ መመለሱን ለወደደ ሰው እንኳ ይከብዳል። በዚያ በመጀመሪያው ሳምንት የልጅ ልጅ ድምፅ በየማታው በስልክ ቢሰማ ትልቅ መጽናኛ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የመልስ ጉብኝት ነው። ሰላም ሲሆንና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ። የዘንገናን ሐይቅ ይዩ፤ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ በአዊ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን አዊኛ ከአያታቸው አፍ ይስሙ። በከተማ በሰላምታ ያበቃው ጨዋታ፥ በምድጃው ዳር ሊቀጥል ይችላል።

ወላጆቻችን ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ጠይቀውናል፤ እንግዲህ ተራው የእኛ ነው።