ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ፍራንሰስ ማሪዮን ነው። የሆሊውድ የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ነበረች፤ ኦስካር ሁለት ጊዜ ተሸልማለች። እኔ ግን ሽልማቱን ትቼ አጀማመሯን ልንገራችሁ፤ ለእኛ የሚጠቅመን እሱ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በ1888 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደች። መጀመሪያ ሥራዋ ሥዕል ነበር። ወደ ፊልም ያስገባቻት ሌላ ሴት ናት፤ ሎይስ ዌበር የምትባል ዳይሬክተር ረዳት አድርጋ ቀጠረቻት። ቀጥሎ ለዝነኛዋ ተዋናይ ለሜሪ ፒክፎርድ «ዘ ፋውንድሊንግ» የተባለውን ድርሰት ጽፋ 125 ዶላር ተከፈላት። ፊልሙ ተቀርጾ ሲያልቅ ለምርቃቱ ከሎስ አንጀለስ ኒውዮርክ ድረስ ሄደች። ነገር ግን በ1915 ፊልሙ የነበረበት ላቦራቶሪ ተቃጠለ። ለሲኒማ ቤቶች የሚላክ ቅጂ ገና አልታተመም ነበር። ስሟን ያስጠራል ያለችው ሥራ አመድ ሆነ ማለት ነው።

እዚያው ኒውዮርክ ዎርልድ ፊልም ወደሚባል ድርጅት ሄዳ ሥራ ጠየቀች። ለሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ተሞክራ እንድትታይ ተስማሙ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ልጆቻችን «ለልምድ ነው» እየተባሉ ስንት ወር በነፃ እንደሚሠሩ እናውቃለን። እኔ በነፃ ማሠራትን አልደግፍም፤ የማሪዮን ታሪክም ሐሳቤን አላስቀየረኝም። የእሷ ግን ቀን የተቆረጠለት ነበር። እኛም ሠልጣኞቻችንን ለልምምድ ስንልክ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍልን ማለት አለብን።

ደግሞ የሠራችውን ተመልከቱ። ለሕዝብ አይሆኑም ተብለው መደርደሪያ ላይ የቀሩ ፊልሞች ነበሩ። ከነሱ አንዱን መረጠች፤ የድርጅቱ አለቃ የዊሊያም ብሬዲ ልጅ አሊስ የተወነችበትን። (የአለቃን ልጅ መምረጧ ብልጠት ነው ብትሉኝ አልከራከርም።) አዲስ መግቢያና አዲስ መጨረሻ ጻፈችለት። እንዲያስለቅስ ተሠርቶ የሚሳቅበት የነበረው ፊልም የደንብ ኮሜዲ ሆነና በ9,000 ዶላር ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ብሬዲ በሳምንት 200 ዶላር ከፍሎ ቀጠራት። ለአንድ ሙሉ ድርሰት 125 የተከፈላት ሴት ናት! ብዙም ሳይቆይ የድርሰት ክፍሉን መምራት ጀመረች። በ1917 ደግሞ «ዘ ፑር ሊትል ሪች ገርል» ከተሳካ በኋላ፣ የፒክፎርድ ደራሲ ሆና በዓመት 50,000 ዶላር ተፈራረመች።

የተቃጠለው ፊልምስ? እንደገና ተቀርጾ በ1916 ለሕዝብ ታየ።