ከሳሹም ዳኛውም ትምህርት ቤቱ!

(ፒያሳ ላይ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መምህርም አይደለሁም። ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። ዛሬ እፊታችሁ ያቆመኝ የአንዲት ጎረቤቴ ነገር ነው።

ይህች እናት እዚሁ አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ ትኖር ነበር። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠሯትና፣ «እመቤቴ፣ ይህ ልጅ ዘገምተኛ ነው። ሌሎቹንም አስቸገረ። ሌላ ቦታ ይፈልጉለት» አሏት።

«ጋሼ፣ ማን መረመረው?» አለች።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? በዓይናችን እያየነው!»

አለቀ! ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፣ ይግባኝ የለ። ልጁ ወራት ሙሉ ቤት ተቀመጠ። ኋላ በሰው ምክር ጆሮውን ብታስመረምረው፣ ለካስ በደንብ አይሰማም! ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ መምህሯ ከምትናገረው ግማሹ ሳይደርሰው ነው «አይገባውም» የተባለው። ለመሆኑ ያልገባው ማን ነበር? ልጁ ወይስ ትምህርት ቤቱ?

ወገኖቼ! የኔ ጥያቄ ይኸውና፦ ልጁን የከሰሰው ትምህርት ቤት፣ ምስክሩም ዳኛውም ራሱ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ልጃችንን ከትምህርት ቤቱ ጋር ጥቅምም ጠብም የሌለው ባለሙያ ይመርምርልን ማለት ቅንጦት ነው እንዴ?

አሜሪካን እንይ። እዚያ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን ትምህርት የሚመለከት ሕግ አለ። ወላጅ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ባደረገው ምርመራ ካልተስማማ፣ የትምህርት ቤቱ ተቀጣሪ ባልሆነ ባለሙያ በመንግሥት ወጪ ይመርመርልኝ ማለት ይችላል። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ተከራክሮ የራሱ ምርመራ ትክክል መሆኑን ያስረዳል። ልጁ የሚፈተነውም በሚችለው ቋንቋ ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመዳችን በዚህ መብት ይጠቀማል። እኛ ዘንድ ግን ቤቱ ጉራጊኛ ሲያወራ ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ ተጠይቆ ካልመለሰ «ችግር አለበት» ይባላል!

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ የራሳችንን ሕግ እንግለጥ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ልጆች ውሳኔ ሲሰጥ የልጁ ደኅንነት ይቅደም ይላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ሰበብ ከትምህርት እንዳይገለል ያዛል። የፀደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ሁለተኛ ምርመራ ማን ያደርጋል? ማን ይከፍላል? ለዚህ በስም የተጠቀሰ ቃል በሕገ መንግሥቱም በስምምነቱም ውስጥ የለም። ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው! ለመንገድ ማስዋቢያ ገንዘብ የሚያገኝ መንግሥት፣ ልጅ ለማስመርመር ሲባል ኪሱ ይቀደዳል?

ወላጅ መንግሥትን ጠብቆ አልሆነለትም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ቢሏቸው፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የአገራችንን የመጀመሪያ የኦቲዝም ማዕከል ራሳቸው አቋቋሙ። እንዲህ ያለች እናት ታስመሰግናለች፤ ነገር ግን እናት ሁሉ ማዕከል ትክፈት ይባላል?

እስከዚያው ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ «ልጅዎን ይውሰዱ» ስትባሉ ምክንያቱ በጽሑፍ፣ ከነቀኑና ከነፊርማው ይሰጠኝ በሉ። በአፍ ደፋር የሆነ ሁሉ ብዕር ሲይዝ ይጠነቀቃል።

ሁለተኛ፣ ስለ አእምሮው ከመወራቱ በፊት ጆሮውና ዓይኑ ይታይ። ለዓይን ምኒልክ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከዚህ በአራት ኪሎ ሽቅብ ስትሉ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አለ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ የሚያሠለጥን ክፍል አለው። ሄዳችሁ የት ማስመርመር እንደሚቻል ጠይቁ። ለመርማሪው ልጁ ቤት የሚናገረውን ቋንቋ፣ መቼ መናገር እንደጀመረ፣ ምን እንደሚችልም ንገሩ። የማይችለውን ብቻ አትቁጠሩበት!

አራተኛ፣ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ተቀብላችሁ ኮፒውን አስቀምጡ። በ2016 ዓ.ም ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ያቺ ጎረቤቴም ወደ ከተማው ዳር ሄደች። አዲሱ ትምህርት ቤት ልጇን ከፊት ወንበር ያስቀመጠው ያንን ወረቀት አይቶ ነው። ቤት ይፈርሳል፣ መምህር ይቀየራል፤ ወረቀቱ ግን ከልጁ ጋር ይሄዳል።

አምስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ወደ ወረዳውና ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቤት በሉ። በደሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ለብቻችሁ አትሂዱ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ተረት። በልጅ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል! ያ ልጅ ዛሬ ያነባል። ያን ቀን እናቱ «እሺ ጋሼ» ብላ ዝም ብትል ኖሮ፣ ዕድሜ ልኩን «ዘገምተኛው» ተብሎ ይቀር ነበር። ስንቱ እንዲሁ ቀርቶ ይሆን?