የኤን ትሬ ጨዋታ



አባቶቻችን ቡና ላይ ሲቀመጡ የሚያነሱት ፊያት 682 ኤን ትሬን ነው። ተሳቢ ጎትቶ ጣርማ በርን ሲወጣ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎማው ጎን ሲከተል፣ የአሰብ በረሃ በሌሊት ሲታለፍ። ሞተሩን ዛሬም በአፋቸው ያስነሱታል!

እኛ የኮምቦልቻ ሾፌር ልጆች ግን የምናስታውሰው እናቶቻችንን ነው፤ የተሰጣቸው ብር እስከሚቀጥለው ጉዞ እንዲበቃ በጣታቸው ሲያሰሉ። እኛ የሂሳብ ሠራተኞቹ መቀነስን የተማርነው እዚያ ነው።

በ1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ሲዞር የአባቶቻችን መኪኖች ቆሙ። ቤቱን የያዘው የእናቶቻችን እንጀራ ሽያጭና እቁብ ነበር።

በቀደም ስለዚያ ዓመት ጠየቅናቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ አባት ስለ ኤን ትሬ ፍሬን ጀመሩ።